የተዘለለው ምዕራፍ

«አባዬ፣ እግርህን ልሸፍንልህ?» አለ የታክሲው ድምፅ ማጉያ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ሳቁ የፌዝ አልነበረም፤ ሰው የለመደውንና የሚወደውን ነገር ደግሞ ሲሰማ የሚስቀው ዓይነት ነው። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ወፍራም ሰውዬ ጭራሽ ወደ ኋላ ዞሮ «እቺ ልጅ እኮ እዚህ ጋ ነው የምትገድለኝ። አሁን ሽማግሌው ‹ተይው፣ ይሞቀኛል› ይሏታል፤ ስሙ» አለ። እውነትም አንድ የሻከረ ድምፅ «ተይው፣ ይሞቀኛል» አለ፤ የሴቲቱ ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ታሪኩ ተመለሰ። ኋላ ወንበር ላይ፣ በመስኮቱና ዘንቢል በታቀፈች ሴትዮ መካከል ተጣብቃ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ግን አልሳቀችም። ክው ብላ ቀረች። የምታነበው ሴት ድምፅ የራሷ ነው። የሻከረውም የአባቷ ነው። አባቷ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ማታ ማታ መጽሐፍ ታነብለታለች፤ ቀን እሷ ሥራ ስትውል ብቻውን እንዳይሰለቸው ብላ የምታነበውን በስልኳ ትቀዳለት ነበር። ከሁለቱና ከአራቱ ግድግዳ በቀር ማንም የማያውቀው ነገር ይሄው በጠራራ ፀሐይ የታክሲ ተሳፋሪ ያስቃል። ወይ ጉድ።

መውረጃዋ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት ነበረባት። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ያ ሁሉ አንገት ተጠምዝዞ «ውይ፣ እሷ ናት!» የሚላት መሰላት። የምትሠራበት መጋረጃ ቤት፣ መስታወቱ ላይ የተሰቀለው አረንጓዴ መጋረጃ ሳይቀር፣ በመስኮቱ በኩል ጥሏት አለፈ። ባለ ዘንቢሏ ሴትዮ «ወራጅ!» እስክትል ድረስ እንደ ዕቃ ተወሰደች።  ለአለቃዋ ደውላ እንዳታወራ ድምፅዋን ፈራችው፤ «ትንሽ አረፍዳለሁ» ብላ ጻፈችላትና ወደ ወንድሟ ሱቅ በእግሯ ገሰገሰች። ማን እንደሠራው ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልጋትም።

ወንድሟን የሰፈሩ ሰው «ዳውንሎድ» ነው የሚለው፤ እናቱ ባወጣችለት ስም ቢጠሩት ራሱም ዞሮ የሚያይ አይመስልም። ሱቁ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ቁመተ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባባት። በአንድ ወገን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ተንጠልጥሏል፣ በሌላው ወገን ሁለት ኮምፒውተሮች ቀን ከሌት ያጓራሉ፤ የአንደኛው ስክሪን ጥግ ላይ «ይህ ቅጂ ሕጋዊ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈ ዓመታት አልፈዋል፣ ዳውንሎድም ከግድግዳው ቀለም ለይቶ አያየውም። ፊልም፣ ዘፈን፣ ፕሮግራም፣ የፈተና ጥያቄ፣ የፈለጉትን በፍላሽ ሞልቶ ይሰጣል። እሷ ስትደርስ አንድ መነጽር ያደረገ መሐንዲስ ላፕቶፑን ዘርግቶ የሕንፃ መሳያ ፕሮግራም ያስጭን ነበር። «ችግር የለውም አይደል?» ይላል ደጋግሞ። የተሰረቀ መሆኑ አላሳሰበውም፤ የፈራው የተሰረቀውን እጭናለሁ ብሎ ሌላ ነገር እንዳይጭንበት ነው። «ከነመክፈቻው ነው ጋሼ፤ ካስቸገረዎት ይመልሱልኝ» ይለዋል ዳውንሎድ። መሐንዲሱ እስኪወጣ ድረስ እሷ በሩ ላይ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሯ እየቆመች ጠበቀች።

«ድምፄ ታክሲ ውስጥ ነው» አለችው።

«በየትኛው መስመር?» አለ ፊቱ በርቶ። ከዚያ ፊቷን አየና የእሱ ብርሃን ጠፋ።

ነገሩ ረጅም አልነበረም። ስልኳ ሞላ ብላ የቀዳችውን ሁሉ ወደ ሚሞሪ እንዲገለብጥላት ሰጥታው ነበር። እሱም ሲገለብጥ ጆሮውን ጣል አደረገ፣ ወደደው፣ ለአንድ ደንበኛ ሰጠ፣ ደንበኛው ለሚስቱ ሰጠ፣ ሚስትየው ለመሥሪያ ቤቷ። ቆይቶ እሱ ራሱ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። «ገልብጥልኝ አልኩህ እንጂ በትንልኝ አልኩህ?» ብትለው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እታለም፣ ሰው እኮ እያለቀሰ ነው የሚሰማው። ስምሽን አላወጣሁም። ያን መጽሐፍ ማን ያውቀው ነበር? እኔ አይደለሁም ለደራሲዋ ያስተዋወቅኩላት?» አላት። ስትቆጣ ሳይሆን ዝም ስትል ነበር የሚፈራት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። አሁንም ዝም አለች። ዝምታው ሲከብደው የደበቀውን አወጣ። ደራሲዋ ከሳዋለች። ትናንት አንድ ሲቪል የለበሰ ፖሊስ መጥቶ ነገ ጠዋት ሁለቱንም ኮምፒውተሮች ተሸክሞ ጣቢያ እንዲቀርብ ነግሮታል። «ከወሰዱብኝ አለቀልኝ» አለ። እሷም ማለቁ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። እሷና አባቷ የሚኖሩበትን ቤት ኪራይ የምትከፍለው ይቺ ጉድጓድ የምታህል ሱቅ ናት። እህትና ወንድም ሳይነጋገሩ የተስማሙበት ነገር ነበር፦ ኪራዩ ከሱ፣ ማስታመሙ ከሷ። እሱ አባቱን ለማየት ሲመጣ እንኳ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው።

«አንቺ ሄደሽ ብትለምኛት» አለ መሬት መሬት እያየ። «ሴት ለሴት ትግባባላችሁ።»

«እኔ? የሌባው አፍ እኮ እኔ ነኝ» አለችውና ወጥታ ሄደች። አስፋልቱን ተሻገረች፣ ወደ ሥራዋ አቅጣጫ ሄደች፣ ቆመች፣ የማትገዛውን ጫማ በመስታወት አየች። ፖሊስ አባቷ አልጋ ጎን ቆሞ «ድምፁ ያንተ ነው?» ሲለው ታያት። የቤቱ ባለቤት ኪራይ ሊጠይቅ መጥቶ አባቷ ብቻውን ባለበት በሩን ሲደበድብ ታያት። ተመልሳ ሄዳ የሱቁን መጋረጃ ገለጠችና «የት ነው ቤቷ?» አለች። ፖሊሱ ነግሮት ኖሯል፤ ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ፣ ባለ አራት ፎቁ፣ ሦስተኛ።

ደረጃው የሰው ቤት ሳሙናና የተቃጠለ ሽንኩርት ይሸታል። እየወጣች የምትለውን ደረደረች፦ ይቅርታ ትላለች፣ አላወቅንም ትላለች፣ ወንድሜ ልጅ ነው ትላለች፤ ጢሙ ሽበት ማውጣት ጀምሯል፣ ግን ልጅ ነው ትላለች። በሩን አንኳኳች። «ማን ነው?» አለ ከውስጥ የደረቀ ድምፅ።

«እኔ ነኝ።»

ኮቴ ወደ በሩ ቀረበ። ቀጥሎ ሰንሰለት ተንኳኳ፣ በሩ ተከፈተ፣ አንዲት ቀጭን ረጅም አሮጊት ቆማ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ምነው ዘገየሽ?» አለች። «ግቢ። ሹራብ የምትለብሺ ሴት ትሆኛለሽ ብዬ ነበር፤ እውነትም ነሽ።» ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት ናት ደራሲዋ፤ ሰውን ስታይ የተሳሳተ መልስ የምትፈልግ ነው የሚመስለው። ክፍሉ አንድ ነው፤ ከሶፋው ጀርባ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ባለው አልጋ ላይ ሳይቀር ያልተሸጡት መጻሕፍት በገመድ እየታሰሩ ተቆልለዋል። ልብስ ሰፊዋ የደረደረችውን ይቅርታ ገና ስትጀምር ደራሲዋ እጇን አነሳች።

«መጽሐፉን ከየት አመጣሽው? ያነበብሽበትን።»

 «ወንድሜ... ፎቶ ኮፒ አድርጎ ነው ያመጣልኝ።»

«እሱንም?» አለች ደራሲዋ። ለመሳቅ ዳድቷት ነበር፣ ግን አልሳቀችም። «እሺ ይሁን። ታነቢያለሽ፣ አልክድሽም። ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። እኔ ራሴ የጻፍኩት እንዲህ ያምራል እንዴ ያልኩበት ቦታ አለ። ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። አስራ አንደኛው ምዕራፍ የት ገባ?»

ለሌብነቱ መልስ ይዛ ነበር የመጣችው፤ ለዚህ አልያዘችም።  «ዘለልኩት» አለች።

«መዝለልሽንማ አውቃለሁ። ስትዘይ ትንፋሽሽ እንኳ አልተዛባም። አስራ ሁለተኛውን ‹ምዕራፍ አስራ አንድ› ብለሽ አነበብሽው፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ቁጥሩን እያስተካከልሽ ሄድሽ። ይሄ ስህተት አይደለም፤ ይሄ ሥራ ነው።» ደራሲዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እንግዳዋን ተቀመጪ አላለቻትም። «ትናንት አንዲት ሴት መንገድ ላይ አቅፋኝ አለቀሰች። ‹ያቺ ልጅ እናቷን እንዴት ብትወዳት ነው አንድ ቀን እንኳ የማይሰለቻት!› ትለኛለች። እኔ የጻፍኩት የሰለቻትን ልጅ ነው። ሰልችቷት፣ መሯት፣ ግን ጥላ ያልሄደችውን። አንቺ ምሬቷን አወጣሽና መልአክ አድርገሽ ለአገር አሰማሽ። ወንድምሽ የሰረቀኝ ወረቀት ነው። አንቺ የሰረቅሽኝ ልጅቷን ነው።»

አስራ አንደኛው ምዕራፍ አጭር ነው። የታመመች እናቷን ለዓመታት ያስታመመች ልጅ የእናቷን አንሶላ እያጠበች ለብቻዋ ታወራለች፤ «ምነው ባረፈች፣ እኔም ባረፍኩ» ትላለች። ያው ናት ቃሏ። ለሞተም ማረፍ ነው፣ ለደከመውም ማረፍ ነው፤ ልጅቷ የትኛውን እንዳለች ራሷም አትለየውም፣ ስትለየው ትደነግጣለች። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ገጹን ገልጣ ያቺን መስመር በዓይኗ ስታያት እጇ በራሱ ነበር ሦስት ቅጠል አንድ ላይ የገለበጠው። አባቷ በጎኑ ተኝቶ ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዙሮ ነበር። «የማነበው ለአባቴ ነው» አለቻት ለደራሲዋ። «ዓይኑ አያይም። ከኔ ሌላ የለውም። እንዴት አድርጌ ነው እሱ ፊት... እንዴት ብዬ?»

 ደራሲዋ መጻሕፍት ወደተቆለሉበት አልጋ በአገጯ አመለከተች። «እናቴ እዚያ ጋ ነበረች። ያቺን ምዕራፍ እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ እሷ እያየችኝ ጻፍኳት። ‹ምን ትጽፊያለሽ?› ትለኛለች። የተማሪ ፈተና እላታለሁ። ታውቅ ኖሮ ይሁን ሳታውቅ እንጃ፣ ሳንነጋገር ሞተች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።» ተነሥታ ከአንዱ እስር አንድ መጽሐፍ መዝዛ አወጣች። «ክሱን ነገ በጠዋት አነሳለሁ። አንቺ ዛሬ ማታ ምዕራፏን አንብቢ፣ ያ ወንድምሽም ሌላውን በበተነበት መንገድ ይበትናት። ግን አባትሽ አጠገብ ሆነሽ። ሽንት ቤት ተደብቀሽ ካነበብሻት አውቅብሻለሁ፤ እሳቸው ጎን ስትሆኚ ድምፅሽ ሌላ ነው።»

«ሌላ ነገር ይጠይቁኝ፣ እባክዎ።»

«ሌላ ምን አለሽ?» አለች ደራሲዋ፤ በክፋት አልነበረም። መጽሐፉን ዘረጋችላት። ልትቀበል እጇን ስትሰድ ግን ወደ ኋላ ሳበችው። «ይሄን ትገዢዋለሽ።» ገዛችው።

መጋረጃ ቤት ስትደርስ ቀኑ ተጋምሷል። አለቃዋ ፊቷን አጥቁራ አንድ የሆቴል ወፍራም መጋረጃ ከማሽኗ ላይ ከመረችላት። ልብስ ሰፊዋ አቀርቅራ መስፋት ጀመረች፣ ጠርዙን አጣመመችው፣ ፈታችው፣ ዳግም አጣመመችው። ሰው ምን ያህል ብልጥ ነው፣ ወይስ ምን ያህል ፈሪ? ደራሲዋ አሮጊት ናት፣ ጆሮዋ ያን ያህል አይለይም አለች ለራሷ። ጨርቅ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች፣ በጥቅል ጨርቆቹ መካከል ቁጢጥ ብላ ስልኳን ከፈተች፣ መጽሐፉን ገለጠች፣ አነበበች። መልሳ ሰማችው። ዜና የሚያነብ ሰው ነው የሚመስለው፤ አንሶላው አንሶላ አይደለም፣ ልጅቷም ሰው አይደለችም። ሰረዘችው። ደግማ አነበበች። የባሰ ሆነ። ስትወጣ አለቃዋ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለቻት፤ «ከማንም» አለች፤ እስከ መውጫ ሰዓት ድረስ አንድ ቀጥ ያለ ስፌት አልወጣላትም። በውስጧ ደራሲዋን ረገመቻት። ወንድሟንም ረገመች። ራሷን ግን መርገም አልቻለችም፤ ምንስ ብላ? አባቴን አትንኩብኝ ማለት ወንጀል ነው?

ቤት ስትገባ ደውላ የነገረችው ወንድሟ ቀድሟት አባቱ አልጋ ግርጌ ተቀምጦ ጉልበቱን እንደ ልብስ ስፌት ማሽን ያርገፈግፈዋል። አባቷ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሙሉ ዕድሜውን የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፣ አሁንም አልጋው ላይ ሲቀመጥ ሁለት እጁ መሪ እንደያዘ ፊት ለፊቱ ይዘረጋል። «ዛሬ ሁለታችሁም መጣችሁ?» አለ የእሷን ኮቴ ሲሰማ። «ልሞት ነው እንዴ? ሐኪሙ ለእኔ ሳይነግር ለእናንተ የነገራችሁ ነገር ካለ ንገሩኝ።» ወንድሟ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። እሷ ሾርባ አሙቃ በማንኪያ አበላችው፣ አፉን ጠረገችለት፣ ትራሱን አስተካከለችለት። ማረፊያ ያጣችው እጇ ነው፤ ትራሱን እንደገና አስተካከለች። «ምነው፣ ምን ሆነሻል?» አላት። «ምንም። ያ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ይቀረዋል።»

«አልቆ አልነበር?»

«አላለቀም» አለች። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠች፣ መቅጃውን ተጫነች፣ መጽሐፉን ከፈተች። «ምዕራፍ አስራ አንድ።»

  ልጅቷ ገንዳውን ሞላች፣ አንሶላውን ነከረች፣ እጇ በሳሙና ተላጠ። ጎረቤቶቿ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ «የተባረክሽ ልጅ» ይሏታል፤ ስትሰማው ያቅለሸልሻታል። ልብስ ሰፊዋ ወደዚያች መስመር እየቀረበች ስትመጣ ልቧ ድቅ ድቅ ሲል ስልኩ ራሱ የሚቀዳው መሰላት። ደረሰችባት። አነበበቻት። «ምነው ባረፈች፣ እኔም ባረፍኩ።»

«ቆይ» አለ አባቷ።

ቆመች። ስልኩ ላይ ያለችው ቀይ ነጥብ ብልጭ ድርግም ትላለች። ወንድሟ ከግርጌ ሆኖ በሁለት ጣቱ እንደ መቀስ ምልክት ሰጣት፦ አይዞሽ፣ በኋላ እቆርጠዋለሁ።

«ይቺን ያኔ አላነበብሽልኝም» አለ አባቷ።

«አላነበብኩልህም።»

«ለምን?»

ረስቼው ማለት ይቻል ነበር። ገጹ ተጣብቆ ነበር ማለት ይቻል ነበር፤ ዓይኑ አያይ፣ ምን ሊያረጋግጥ? ደራሲዋ ራሷ ይሄን አልጠየቀቻትም፤ ምዕራፏን ነው የጠየቀችው። ወንድሟ አንገቱን እየነቀነቀ አትንገሪው ይላታል። ግን ደክሟት ነበር፤ አጥንቷ ድረስ ደክሟት ነበር።

«ልጅቷ እኔን ስለምትመስል» አለች። «እኔም እንደሷ ብያለሁ፣ አባዬ። ስላንተ።»

የአባቷ እጆች ከተዘረጉበት ወደ ብርድ ልብሱ ወረዱ። «መቼ?» አለ።

«ባለፈው ክረምት። ሆድህን ያመመህ ጊዜ።»

«አንዴ ነው?»

«አንዴ አይደለም።»

ውጭ አንድ መኪና ለመነሳት ሲንደፋደፍ ይሰማል፤ አባቷ የሞተሩን ድምፅ እስኪነሳ ድረስ ያዳመጠ መሰለ። መኪናው ተነሳ። እንባ ከማያዩት ዓይኖቹ ወርዶ ጢሙ ውስጥ ገባ፤ ልትጠርግለት እጇን ስትልክ በክንዱ መለሳት። እሷም አለቀሰች፣ ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ልጅ። ቆይቶ «በይ ቀጥይ» አላት። «አሁን ምን አደረገች፣ ልጅቷ?» ፊቷን በሹራቧ ክንድ ጠርጋ ቀጠለች። ልጅቷ አንሶላውን ጨመቀችው፣ አሰጣችው፣ እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ እናቷ ስትጠራት «አቤት» ብላ ገባች። ምዕራፉ እዚያ ላይ ያበቃል። ልብስ ሰፊዋ መጽሐፉን ዘጋችና መቅጃውን አጠፋች።

ወንድሟ ስልኩን አንሥቶ ጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰማው። አባቱ «ቆይ» ያለበት ጋ ሲደርስ አቀረቀረ፤ አባቱ አልጋ ግርጌ ይህን ያህል ሰዓት ተቀምጦ አያውቅም። ሲጨርስ ማዳመጫውን ነቀለ። «መሃል ላይ ያለውን ቆርጬ ነው የምልከው» አለ ቀስ ብሎ። «የሰው ጆሮ አይግባ፣ እታለም። የቤት ገመና ነው።»  አባቷ ነው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የመለሰለት።

«ተወው፣ አትቁረጠው» አለ። «ለሰው የምትበትነው ኮፒውን ነው። ኦሪጅናሉ እኔ ጋ ቀርቷል።»

ወንድሟ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሳይቆርጥ፣ እንዳለ ላከው።